በኮረብታማ ባሕር ዳርቻ መኪና የማይበዛበት የብስክሌት መስመር አወጣጥ

ብስክሌት ከሚነዱ ሰዎች አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። «ባሕሩን እያየሁ መንዳት እፈልጋለሁ። ዋናው መንገድ ግን መኪና ይተራመስበታል። ከዋናው ስወጣ ደግሞ ዳገቱ ትንፋሼን ይቆርጠዋል። ሰላም ያለው መንገድ እንዴት ይገኛል?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

መመሪያው የአስፋልት ብስክሌት ለሚነዱና በአንድ ቀን ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር መሄድ ለሚፈልጉ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ ያዙ፤ ከዚህ በኋላ የምናደርገው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። አንድ ሹፌር በዚህ መንገድ የሚሄድበት ምን ምክንያት አለው? ምክንያት ያለው መንገድ መኪና አያጣም። ምክንያት የሌለው መንገድ አስፋልቱ ቢያምርም ባዶ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቤት ለሚሠራው ሥራ፦

- የከፍታ መስመሮች ያሉት ካርታ፣ በወረቀትም ይሁን በስልክ
- በኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሊያርመው የሚችል ነጻ ካርታ) ላይ የተመሠረተ መስመር ማውጫ አፕ (ኮሙት፣ ብራውተር ወይም የለመዳችሁት)
- የሳተላይት ምስል
- የአካባቢው የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ
- እርሳስና ወረቀት

ለጉዞው፦

- ቀላል ማርሽ ያለው ብስክሌት
- ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ
- የፊትና የኋላ መብራት፣ ቀን ለሚደረግ ጉዞም ቢሆን
- ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ መንፊያ፣ መለጠፊያ
- ሁለት የውኃ መያዣና በኪስ የሚያዝ ምግብ
- ነፋስ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት
- ካርታው ቀድሞ የወረደበት ስልክ፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ይጠፋል

ማርሹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የፊቱ ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁም 34 ቢሆን፣ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ እያዞራችሁ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። የኋላው ትልቁ 25 ጥርስ ብቻ ከሆነ ግን በዚያው አዟዟር ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሄድ ትገደዳላችሁ። 10 በመቶ ዳገት ላይ ይህን ፍጥነት ይዞ መቆየት ለአብዛኛው ሰው ከአቅም በላይ ነው። ጸጥ ያሉት መንገዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ ዳገት ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን ማርሽ ቁጠሩ።

1. መሬቱን አንብቡ

አፑን ገና አትክፈቱ። መጀመሪያ የከፍታ መስመር ያለውን ካርታ ዘርጉ። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ቦታው ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ሲራራቁ ዘና ያለ ነው። ሹል ጫፍ ሠርተው ወደ ከፍታው የሚጠቁሙት ሸለቆ ናቸው፤ ወደ ዝቅታው የሚጠቁሙት ሸንተረር።

በእንዲህ ያለ ዳርቻ ወንዞች ከኮረብታው ወደ ባሕር ሲወርዱ መሬቱን እንደ እጅ ጣቶች ይከፋፍሉታል። ከዚህ የተነሣ ሦስት ዓይነት መንገድ ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው የባሕሩን ጠርዝ ይዞ የሚሄደው ነው። ካርታ ላይ ቀላል ይመስላል። ግን እያንዳንዱን ሸለቆ ይወርዳል፤ መልሶ ይወጣል። 5 ሸለቆ ቢያቋርጥና እያንዳንዱ 120 ሜትር ቢጠልቅ፣ ከ120 ሜትር በላይ አንድም ቦታ ሳትደርሱ 600 ሜትር ወጥታችኋል። እግር የሚጨርሰው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሸለቆውን ተከትሎ ከባሕር ወደ ውስጥ የሚገባው ነው። ውኃው መሬቱን ስላለሰለሰው ዳገቱ ረጅም ግን ገር ነው።

ሦስተኛው ሸንተረሩ ጀርባ ላይ የሚሄደው ነው። አንዴ ከወጣችሁ ለብዙ ኪሎ ሜትር ከፍታችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ባሕሩም ከሩቅ ይታያል።

እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል በሸለቆ መውጣት፣ በሸንተረር መሄድ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ መውረድ ነው። አንድ ትልቅ ዳገት በእርጋታ መውጣት አምስት ትንንሽ ቀጥ ያሉ ዳገቶችን ከመውጣት ይቀላል።

2. መኪና የሚስቡትን ነገሮች ምልክት አድርጉ

እርሳሱን አንሡ። እነዚህን ካርታው ላይ ፈልጋችሁ አክብቡ፦ ወደብ፣ ተሽከርካሪ የሚያሻግር ጀልባ የሚቆምበት ቦታ፣ ማቆሚያ ያለው አሸዋማ ዳርቻ፣ ጎብኚ የሚበዛበት መመልከቻ፣ የድንጋይና የጠጠር ማምረቻ። ከእያንዳንዱ ክብ ወደ ዋናው መንገድ የሚወስደውን አጭር መስመር አስምሩ። ከተቻለ ከእነዚህ መስመሮች ራቁ። በተለይ የጠጠር ማምረቻውን። አንድ የጭነት መኪና በጠባብ መንገድ ላይ ከ20 የቤት መኪና ይከብዳል።

አሁን የሚቀሩትን መንገዶች እዩ። ከእነሱ ውስጥ ወርቅ የሆኑት እነዚህ ናቸው፦

- የድሮው መንገድ። አዲስ ሰፊ መንገድ ወይም ዋሻ ሲሠራ አሮጌው ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። የተሠራው ለመኪና ስለነበር ዳገቱ ልከኛ ነው፤ መኪናው ግን ወደ አዲሱ ሄዷል። ካርታ ላይ ከዋናው ጎን ለጎን እየተጠማዘዘ ሲሄድ ታገኙታላችሁ።
- መንደርን ከመንደር ብቻ የሚያገናኝ መንገድ። የሚጠቀምበት የመንደሩ ሰው ነው። እሱም መንገዱን ያውቀዋል፤ ኩርባው ላይ ብስክሌት ሊኖር እንደሚችልም ያውቃል።
- ዳር ደርሶ የሚቀር መንገድ። ወደ ትንሽ ወሽመጥ ወርዶ እዚያው ያልቃል። በገባችሁበት መመለስ አለባችሁ፤ ግን ለማለፍ ብሎ የሚገባበት ሹፌር የለም።

አንድ ወጥመድ አለ። ትንሽ የሚመስል ግን የዋናውን መንገድ ክርን የሚቆርጥ መንገድ። ካርታ ላይ ቀጭን ነው። ስልክ የሚመራቸው ሹፌሮች ግን ይጎርፉበታል። መፈተሻው ቀላል ነው። የመኪና አቅጣጫ መሪ አፕ ክፈቱና ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ካሉት ሁለት ከተሞች መካከል በመኪና መሄጃውን ጠይቁት። የእናንተ ቀጭን መንገድ እንደ ምርጫ ከመጣ ተዉት። ይህችን ፍተሻ የሚያህል ጊዜ ቆጣቢ አላገኘሁም።

3. ከሳተላይት ላይ ተመልከቱ

የመረጣችሁትን እያንዳንዱን መንገድ አቅርባችሁ እዩት። መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አለ? ካለ ሁለት መኪና የሚያስተላልፍ ነው፤ ፍጥነትም ይኖራል። መስመር ከሌለው፣ ከዚያም አልፎ በየተወሰነ ርቀት ዳሩ ላይ የመተላለፊያ ሰፋ ያለ ቦታ ካለው፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ መኪናም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ቀለሙንም እዩ። ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ አስፋልት ነው። ነጣ ወይም ቡናማ ካለ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ቁልቁለት ላይ ያለ ጠጠር ደግሞ በቀጭን ጎማ አይቀለድበትም።

4. ቁርጥራጮቹን አያይዙ

አሁን አፑን ክፈቱ። መነሻና መድረሻ ሰጥታችሁ «መስመር አውጣልኝ» አትበሉት። የመረጣችኋቸውን መንገዶች በቁርጥራጭ እየነካችሁ አስገድዱት። አፑ የሚያየው እንደ ርቀትና የመንገድ ደረጃ ያለውን ነው፤ እናንተ ግን መኪናው ለምን እንደሚመጣ አውቃችኋል።

ሁለት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ፣ ዋናውን መንገድ የምታቋርጡበት ቦታ። ኩርባ ላይ ወይም የዳገት ጫፍ ላይ አይሁን። በሁለቱም በኩል ሩቅ የሚታይበት ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። በቀኝ መስመር በሚነዳበት አገር ዞሮ መነሻው ላይ የሚመለሰውን መስመራችሁን እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ካደረጋችሁት አብዛኛው መታጠፊያችሁ ወደ ቀኝ ይሆናል፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና ማቋረጥ ይቀንሳል። በግራ በሚነዳበት አገር ተቃራኒውን አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ከዋናው መንገድ ፈጽሞ ማምለጥ አይቻልም። የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ ይመጣል። ያን ክፍል ቁልቁለት ወይም ሜዳ እንዲሆን አድርጉት። ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ከኋላ የሚመጣው መኪና በአሥር እጥፍ ይፈጥናችኋል። ቁልቁለት ላይ 35 ስትሄዱ ልዩነቱ ይጠብባል፤ የምትቆዩበትም ጊዜ ያጥራል።

ሲያልቅ ፋይሉን በጂፒኤክስ (መስመር የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) አውርዱና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

5. ዳገቱን በቁራጭ መርምሩ

የዳገት መጠን ማለት የወጣችሁትን ሜትር ለሄዳችሁት አግድም ርቀት አካፍላችሁ በ100 ማባዛት ነው። በ1 ኪሎ ሜትር 100 ሜትር ከወጣ 10 በመቶ ነው። እስከ 5 በመቶ እያወራችሁ ትወጡታላችሁ። ከ8 በላይ ትንፋሽ ይጠይቃል። ከ12 በላይ ያለው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ከበለጠ፣ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ለመውጣትም ተዘጋጁ። ምንም ነውር የለውም።

አማካዩን ብቻ አትመኑ። «3 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ 6 በመቶ» የሚለው ውስጥ መሐሉ ላይ ሜዳ፣ መጨረሻው ላይ 15 በመቶ ሊኖር ይችላል። በየ200 ሜትሩ ቆርጣችሁ እዩት።

አፑ የሚያሳየው የከፍታ ሥዕልም ይሳሳታል። ብዙ ካርታዎች ከሚጠቀሙባቸው የከፍታ መረጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 በጠፈር መንኮራኩር ራዳር የተሰበሰበው ነው፤ በየ30 ሜትሩ ገደማ አንድ የከፍታ ነጥብ አለው። ገደል ጥግ የሚሄድ መንገድ ላይ ነጥቡ አንዴ ገደሉ አናት፣ አንዴ ባሕሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሜዳ የሆነው መንገድ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይታያል። ድልድይ ላይ እስከ ሸለቆው ሥር ያወርዳችኋል። ዋሻ ላይ ደግሞ ተራራውን ያስወጣችኋል።

ይህ የመጨረሻው እኔንም ደርሶብኛል። ሥዕሉ ትልቅ ዳገት አሳየኝ። ዳገቱን ለመውጣት ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ስደርስ ዳገት የለም፤ የዋሻ አፍ ነው። አጠገቡ ብስክሌት የሚከለክል ክብ ምልክት ተተክሏል። 9 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ላይ ድንገት ሹል ጫፍ ባየሁ ቁጥር ቦታውን ሳተላይት ላይ አረጋግጣለሁ።

6. ጊዜውን አስሉ

እኔ የምጠቀምበት ስሌት ይህ ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፤ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት 6 ደቂቃ ጨምሩ። 60 ኪሎ ሜትርና 900 ሜትር ዳገት ከሆነ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲደመር 54 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ዕረፍቱ ከዚህ ውጪ ነው። ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ ቁጥሩን በራሳችሁ እግር አስተካክሉት።

ሞቅ ባለ ቀን በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውኃ ያዙ። ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ውኃ የሚሸጥ አይገኝም። መኪና ስለማይመጣ ሱቅም አይኖርም።

7. ሰዓቱን ከመኪናው፣ ከነፋሱና ከባሕሩ ጋር አስማሙ

መኪናው፦ በሙቀት ቀን ወደ ዳርቻው የሚወስዱ መንገዶች ረፋዱ ላይ ይሞላሉ፤ ወደ ማታ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሞላሉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው የእናንተ ነው። የባሕር ጠርዙን ክፍል በዚህ ሰዓት ጨርሱና ሰው ሲመጣ እናንተ ሸንተረሩ ላይ ሁኑ። ጀልባ ባለበት ቦታ መኪናው የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው። ጀልባው ሲያራግፍ ከደረሳችሁ አትሽቀዳደሙ። ዳር ቁሙ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። የመጨረሻው መኪና ሲያልፍ መንገዱ እንደገና ባዶ ይሆናል።

ነፋሱ፦ ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ከባሕሩ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ሞቃቱ አየር ሲነሣ ከባሕር ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባል። ከረፋድ ጀምሮ እየበረታ ከሰዓት በኋላ ያይላል። ስለዚህ ከባሕር ራቅ ብላችሁ የምትነሡ ከሆነ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ወደ ባሕሩ ውረዱ፤ ከሰዓት ወደ ውስጥ ስትመለሱ ከጀርባ ይገፋችኋል።

ባሕሩ፦ አንዳንድ ዝቅ ያሉ መንገዶች ባሕሩ ሲሞላ ውኃ ይገባባቸዋል። በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ አንዴ ይሞላል። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ያለፈው ሳምንት ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ባሕሩ ከወትሮው ከፍ ይላል። ሰንጠረዡን ስታነቡ ደግሞ የሰዓት አቆጣጠሩን ልብ በሉ። 09፡00 የሚለው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ መሳሳት ውኃ ውስጥ ያስገባል።

8. መኪናውን ቁጠሩ

ከተቻለ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን፣ በምትሄዱበት ሰዓት፣ ከመስመሩ አጠራጣሪ የሆነው መንገድ ላይ 10 ደቂቃ ቁሙ። ያለፈውን መኪና ቁጠሩና በ6 አባዙት። ባለፈው አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጬ ስቆጥር በ10 ደቂቃ ሁለት የቤት መኪናና አንድ ትራክተር አለፉ። በሰዓት 18 ማለት ነው። ወዲያው መስመሬ ውስጥ አስገባሁት።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ በሰዓት ከ30 በታች ከሆነ ልጅ ይዤም እሄድበታለሁ። እስከ 60 ደህና ነው። ከ120 በላይ፣ ማለትም በደቂቃ ሁለት ከሆነ፣ ሌላ እፈልጋለሁ። ፍጥነታቸውንም እዩ። በሰዓት 40 የሚሄዱ 60 መኪኖች 90 ከሚሄዱ 20 ይሻላሉ።

ማስጠንቀቂያ

*ቁልቁለት።* ባዶ መንገድ ላይ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ባዶ ስለሆነ ይለቀዋል። አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ መንገድ ላይ ፍጥነታችሁ ከፊታችሁ በሚታየው ርቀት ግማሽ ውስጥ መቆም የሚያስችል ይሁን። ሌላውን ግማሽ ከፊት የሚመጣው መኪና ለመቆም ይፈልገዋል። ከኩርባው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ በሁለቱም ፍሬን ፍጥነት ቀንሱ። ኩርባው ውስጥ አጋድላችሁ ሳለ አትያዙ። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ይዛችሁ አትውረዱ። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ይግላል፤ ሲብስ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ረጅም ከሆነ መሐል ላይ ቆማችሁ አብርዱት። የዲስክ ፍሬን ያላችሁ ደግሞ ዲስኩን በእጅ አትንኩ፤ ያቃጥላል።

*አሸዋ።* ባሕር አጠገብ ያለ ኩርባ ላይ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ይከማቻል። ካያችሁ መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ ፍሬን ልቀቁ፣ እለፉት።

*ነፋስ ከጎን።* ቋጥኝ ተከልላችሁ ስትሄዱ ምንም አይሰማችሁም። ኮረብታው ወደ ባሕር የሚወጣበት ጫፍ ላይ ስትደርሱ ነፋሱ በአንዴ ይመታችኋል። ከጫፉ በፊት ዝቅ በሉ፣ መሪውን ያዙ፣ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ራቁ።

*ጭጋግ።* ከባሕር የሚመጣ ጭጋግ በደቂቃዎች ውስጥ ይሸፍናል። መብራት ቀን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

- *ብስክሌት ነጂዎች የሚበዙበትን መንገድ ጸጥ ያለ ነው ብሎ ማሰብ።* የስትራቫ (ነጂዎች ጉዟቸውን የሚመዘግቡበት አፕ) ካርታ ላይ የደመቀው መስመር ብዙ ብስክሌት አለፈበት ማለት ብቻ ነው። ሌላ አማራጭ ስለሌለ ሊሆን ይችላል።
- *በርቀት ማቀድ።* 50 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ቀላል ነው። 1,000 ሜትር ዳገት ያለው 50 ሌላ ነገር ነው።
- *ማቋረጫ አለማዘጋጀት።* በየ15 ኪሎ ሜትሩ ወደ መነሻው የሚመልስ አጭር መንገድ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ። ጎማ ሲፈነዳ ወይም እግር ሲዝል ያኔ መፈለግ አይቻልም።
- *ዳገቱን ለመጨረሻ ማቆየት።* ዳርቻ ላይ የሚጀመር ጉዞ በቁልቁለት ያበቃል። ከላይ የሚጀመር ግን በዳገት ነው የሚያልቀው። ከላይ መነሣት ግድ ከሆነ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ምግብ ያዙ።
- *ብስክሌቱን ሳያጥቡ ማሳደር።* የባሕር አየር ጨው አለው፤ ሰንሰለቱን በአጭር ጊዜ ያዝገዋል። እንደተመለሳችሁ በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ እጠቡት። ኃይለኛ ውኃ ወደ ኩሽኔታዎቹ አትልቀቁ፤ ቅባታቸውን ያወጣዋል። ሰንሰለቱን በጨርቅ አድርቁ፣ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ አስገቡት፣ የተረፈውን ጥረጉ።